ከላስቲኩ ሥር የታየው ጠብታ
የባ ቻንዳ ካፔምብዋ የሕይወት ታሪክ («ባ» የአክብሮት መጠሪያ ነው)

ባ ቻንዳ ከአባታቸው ከባ ካፔምብዋ ሙሶንዳና ከእናታቸው ከባ ቺሌሼ ንኮሌ እ.ኤ.አ. በ1951 በባንግዌሉ ሐይቅ ዳር ተወለዱ። እስከ ሰባተኛ ክፍል ከተማሩ በኋላ በ1970 ታናሽ ወንድማቸውን ሙዋፔን አስከትለው ኪትዌ ከተማ ገቡ። ሁለቱም በአንድ የመዳብ ማቅለጫ ተቀጠሩ። በ1975 ከባ ሙሌንጋ ጋር ጋብቻ ፈጸሙ።

ሙዋፔ የአሲድ ቧንቧ ተቆጣጣሪ ነበሩ። ባ ቻንዳ ደግሞ የአሲድ ታንከሩ ቢያፈስ የፈሰሰውን የሚይዘውን የኮንክሪት ገንዳ ሽፋን ይቀቡ ነበር፤ ያለ ሽፋን አሲድ ኮንክሪትን ይበላዋልና። ከመቀባታቸው በፊት ወለሉ ላይ ላስቲክ አጥብቀው ይለጥፉና በማግሥቱ ይገልጡታል። ከሥሩ የውሃ ጠብታ ከታየ ኮንክሪቱ ገና አልደረቀም፣ ሽፋኑም አይይዝም።

በ1984 ዝናብ ሳይገባ ጨርሱ ተብለው ተጣደፉ። ላስቲኩን ሲገልጡ ጠብታ አዩ። በእጅጌያቸው ጠርገው፣ ለማንም ሳይናገሩ ቀቡት። ከሰባት ወር በኋላ ታንከሩ አፈሰሰ፤ አሲዱ በሽፋኑ ሥር ገብቶ የገንዳውን ግድግዳ ናደው። ሙዋፔ ከግድግዳው ሥር ነበሩ።

በቀብሩ ላይ ባ ቻንዳ ብድግ ብለው፣ «ጠብታውን አይቼዋለሁ፤ ወንድሜን የገደልኩት እኔ ነኝ» አሉ። ወይ ያቺ ቀን! የንጎኒ ጎሣና የእኛ ጎሣ የቀልድ ዘመዳሞች ነን፤ እነሱ እኛን ዝንጀሮ በላ፣ እኛም እነሱን አይጥ በላ እያልን በለቅሶ ላይ እንኳ ሟችን እንሳደባለን። የንጎኒው ባ ዙሉ ግን ያን ቀን ስድቡን ትተው አካፋ አነሱ። ከቀብር ሲመለሱ ባ ቻንዳ የሙዋፔን የስምንት ዓመት ልጅ ቤታቸው ወሰዱ።

በ1999 ገንዳው እንደ አዲስ ተሠራ፤ ባ ቻንዳ ያኔ የቀቢዎቹ ኃላፊ ነበሩ። ላስቲኩ ተገለጠ፤ ጠብታ አለ። አለቃው ቀቡ ቢሏቸው «አልቀባም» ብለው ላስቲኩ ላይ ቁጭ አሉ። ፎርማን የነበሩት ባ ዙሉ ጭንቅ ቢላቸው መጡ።

«አንተ ዝንጀሮ በላ፣ እንቁላል ታቅፈህ ነው? ተነስ እንጂ፣ ሊያባርሩህ ነው!»

«ሲደርቅ እነሳለሁ። ጫጩቱን ላንተ እሰጥሃለሁ፤ ከለመድከው አይጥ ይሻልሃል።»

አሥራ አንድ ቀን አላስነኩም። ባ ቻንዳ ከኃላፊነታቸው ተነሥተው ተራ ሠራተኛ ሆኑ፤ ሽፋኑ ግን በደረቅ ኮንክሪት ላይ ተቀባ። በ2001 ታንከሩ ዳግመኛ አፈሰሰ። አሲዱ ገንዳውን እስከ አፉ ሞላው፤ ግድግዳው ግን ንቅንቅ አላለም። በዚያ ሰዓት ከግድግዳው ሥር ተረኛ የነበረው የሙዋፔ ልጅ ነው። ያ ልጅ ይህን የማነብላችሁ እኔ ነኝ።

ባ ቻንዳ በሳንባ ሕመም ሁለት ዓመት ሲታከሙ ቆይተው መጋቢት 9 ቀን 2019 በ67 ዓመታቸው አረፉ። ባለቤታቸውንና አምስት ልጆች ትተዋል። አራት ናቸው የሚላችሁ ካለ እኔን አልቆጠረኝም።

ታታ፣ ያሳደጉኝ አባቴ፣ እስከ መጨረሻው ዓይኔን ማየት ይከብድዎ ነበር። የአባቴን ደም ከእርስዎ አልፈልግም፤ ይኸው በሕይወት ቆሜያለሁ።

የመቃብሩ ሲሚንቶ ዛሬ ይፈሳል። ቀለም ለመቀባት የምትቸኩሉ ዘመዶች፣ ባ ዙሉ ላስቲክ ይዘው መጥተዋል፤ «ይሄ ዝንጀሮ በላ ሞቶም አያስቀባንም» እያሉ ያለቅሳሉ። ጠብታ እስካለ ድረስ ማንም እንዳይነካው። እግዚአብሔር ነፍሳቸውን ከወንድማቸው ጎን ያሳርፍልን።