ሁለት መቶ ኪሎ የሚችል አልጋ

መርሳ፣ ታኅሣሥ 12 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለውዷ ባለቤቴ ለረሂማ
ጅዳ

አሰላሙ ዓለይኩም ረሂማዬ፣ እንዴት ነሽልኝ? እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ። ከውርጌሳ እስከ ወልድያ ሞተር ሳይክል ወደ ሰማይ ያወጣ ሰው ቢፈለግ ከባልሽ በቀር አይገኝም። ሰማይ ስልሽ እስከ ወገቤ ድረስ ማለቴ ነው። እሱንም ቢሆን በያጁ ዓሪፍ አግዞኛል።

ይህን የምታነቢውን ራሴ ነኝ የጻፍሁት። አትሳቂ። የማታ ትምህርት ገብቼ ፊደል ጨርሻለሁ፤ ከክፍሉም አንደኛ ነኝ። ሌሎቹ ሽማግሌዎች ናቸው፣ ሰሌዳው አይታያቸውም። ስልኬን አላነሳ ስላልሽ ነው ብዕር ያነሳሁት። የምታመጣልሽም ወደ ጅዳ የምትመለሰው የዓሪፍ እህት ናት፤ እሷን መቼም አትዘጊባትም።

ወንድምሽ አማን ከሐራ ደውሎ፣ ዛኪር አልጋ አሠርቷል፣ ሊያገባብሽ ነው እንዳለሽ ሰምቻለሁ። ነገሩ እንዲህ ነው።

ጉልበቴ ከዳኝ። መሬት ላይ ቁጢጥ ብዬ ሞተር ስፈታ የኖርሁበት ጉልበት አልታጠፍ አለ። ወልድያ ብሄድ ሐኪሙ፣ ቁጢጥ ማለቱን ካልተውህ ከዘራ ግዛ አለኝ። ሌላ ሥራ አላውቅ። እኔ ወደ ሞተሩ መውረድ ካልቻልሁ ሞተሩ ወደ እኔ ይውጣ ብዬ ቆረጥሁ። ደሴ የተሠራ ማንሻ አለ ቢሉኝ ሄጄ አየሁት። በእግር ሲረገጥ ከፍ የሚል፣ ሲያዩት የሚያምር ነው፤ ግን ለትልቅ ጋራዥ እንጂ ለእኛ በረንዳ አይሆንም። በልኬ ላሠራ አልሁ።

እንግዲህ ስሙን ምን ልበለው? በገበያ ቀን ዓሪፍ ደጅ ቆሜ፣ አልጋ ሥራልኝ፣ ሁለት መቶ ኪሎ የሚችል አልሁት። ሽንኩርት ቸርቻሪዋ አለሚቱ ለካ ሰምታኛለች።

«ሁለት መቶ ኪሎ? ኧረ ሙሽራይቱ ከየት አገር ናት?» አለችኝ።

አፌን ታውቂው የለ። «ከህንድ ናት። ቀይ ናት። ጠዋት ጠዋት ካልረገጧት አትነሳም» አልኋት።

የተፈራን ሞተር ማለቴ ነበር፤ ሲሪንቃ እርሻ ምርምር የሚሠራው ተፈራ። ገበያው በሙሉ ሳቀ። የሳቀው ሰው ግን ሐራ ሲደርስ ሳቁን መንገድ ላይ ጥሎ ወሬውን ብቻ ይዞ ገባ። ያቺ ቀይ ሴት ወላሂ ጎማ ነው ያላት።

ማንሻው ሁለት ረጃጅም ብረት፣ በላዩ ላሜራ፣ ከሥሩ እንደ መቀስ የሚጣመሩ እግሮች አሉት። መሐሉ ላይ የመኪና ክሪክ ገብቶበታል፤ ክሪኩን ስታዞሪው እግሮቹ ይቆማሉ፣ ሞተሩም ይወጣል። ብረቱን ወልድያ አሮጌ ብረት ተራ ሄጄ በእጄ እየመታሁ፣ ድምፁን እየሰማሁ መረጥሁት። የድሮ ብረት ነው፣ ዛሬ እንዲህ ያለ የለም። መጀመሪያ ስንሞክረው እግሩን አጥብበነው ኖሮ የተፈራ ሞተር በጎኗ ወደቀች። ተፈራ ደግ ሰው ነው፣ አልተቆጣም። «አልጋ ነው አላልህም? ይኸው ተኛች» አለኝ። እግሩን አስፍተን፣ የፊት ጎማዋን በቺንጋ አሥረን ደግመን ሞከርነው።

ወጣች፣ ረሂማ። ቀስ እያለች ወጥታ ሞተሯ ከደረቴ ፊት ቆመች። ጎረቤቱ አጨበጨበ። እኔም ወደ ቤት ዞር ብዬ፣ ነሲባ ነይ እዪ ልል አፌን ከፈትሁ።

ረስቼ ነው። አንዳንዴ እረሳለሁ። ብትኖር ከሞተሩ በፊት እሷ ነበረች የምትወጣበት፤ አባባ ዝቅ አርገኝ፣ አባባ ከፍ አርገኝ ስትለኝ ክሪኩን ስታስፈጀኝ ትውል ነበር። ዓሪፍ አየኝና ክሪኩን ማዞር ጀመረ፣ የሚዞር ነገር ሳይኖረው።

አምና በለቅሶዋ ሰሞን በስልክ ስታለቅሺ እኔ ቀለድሁ። ምን እንዳልሁ እንኳ ዛሬ አላስታውሰውም። «ልጅህን ቀብረህ ትቀልዳለህ?» አልሽኝ። ከዚያ ወዲህ ስለ ሙቀቱና ስለ ሩዙ ብቻ ነው የምናወራው። አሁን ደግሞ እሱም ቀረ። አስተማሪያችንን ሮማንን፣ ሐዘን በየትኛው ሀ ነው የሚጻፈው ብዬ ጠይቄያት ነበር፤ ሀ ብዙ ነውና። «በየትኛውም ቢጽፉት ይነበባል» አለችኝ። የእኔን ያላነበብሽልኝ በሳቅ ስለጻፍሁት ይሆናል። ሌላ ፊደል አላውቅም ነበር።

ኮንትራትሽ ለረመዳን ያልቃል። አማን ታድሰዋለች ይላል። ነይ ብዬ አላዝሽም፤ ከመጣሽም ለሥራ እንጂ ለድሎት አትመጪም። ነገር ግን በአፍሽ ንገሪኝ፣ በአማን አፍ አይሁን። ቀብሯ ላይ ድንጋዩን አደላድያለሁ። አንቺ ሳታዪው ጨረስሁት ማለት ግን አልቻልሁም።

አላህ በሰው አገር ፊት አይንሳሽ። ከክንድሽ ላይ ሳይሆን ከልብሽ ላይ ያለውን ሸክም እሱ ያንሳልሽ። እናትሽ ዱዓ እያደረጉልሽ ነው፤ ሳምልኝ ብለዋል።

ስሜን ከመጻፌ በፊት አንድ ነገር ልንገርሽ። ከላይ ያልሁት ሁሉ እውነት ነው፣ አንዱ ሲቀር። ብረቱ ከወልድያ አልመጣም። የእኛው አልጋ ነው። ነሲባ ወባው ይዟት የተኛችበት፣ ስልኩን ጆሮዋ ላይ ይዤላት አንቺ ከዚያ ሆነሽ ከቁርአን ያሲንን የቀራሽባት አልጋ። ከዚያን ቀን ወዲህ ጎኔን አላሳረፍሁበትም። ልሸጠው ብል እጄ እምቢ አለ፤ ልየው ብል ዓይኔ። ዓሪፍ መቁረጫውን ይዞ፣ «ዛኪር፣ ሌላ ብረት እንፈልግ» አለኝ። ቁረጠው አልሁት። እየቆረጠ አለቀሰ፤ እኔ ያን ቀን አልቀለድሁም።

አልጋ አሠራ ላሉሽ ሰዎች ይህን ንገሪያቸው። ያለንን አንድ አልጋ ነው ያስቆረጥሁት። የማድረው ሰሌን ላይ ነው።

ባልሽ ዛኪር