ማክሰኞ ብቻ ነው ያልኩት

ለ«ጎረቤት ደወል» የማስጠንቀቂያ አገልግሎት ዋና ዳይሬክተር
ሄልሲንኪ

ሰኞ፣ ፌብሩዋሪ 8 ቀን 2021

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎና ለባልደረቦችዎ ሙሉ ጤንነት እመኛለሁ። ስለ ጤናችን ሲሉ እንቅልፍ ማጣትዎን በላኩልን ባለቀለም በራሪ ወረቀት ላይ ስላነበብኩ፣ እንቅልፍዎ ተመልሶልዎት እንደ ሆነ ለማወቅም እወዳለሁ። እኛ በረዶው እስከ መስኮታችን ቢደርስም ደህና ነን፤ ደህና ያልሆኑትን ቆይቼ እነግርዎታለሁ።

ወደ ጉዳዬ ከመግባቴ በፊት አንድ ወሬ ማረም አለብኝ። እኔ ሄልቪ ካንኩነን፣ የሰማንያ ስድስት ዓመት ሴት፣ «በሽታውን ያመጣችብን የመጽሐፍ አውቶቡሱ ሾፌር ናት» ብዬ እንዳወራሁ በሐይቁ ዙሪያ ሁሉ ይነገራል። ስሕተት ነው። የሴትዮዋን ስም አልጠራሁም፤ ሾፌርም፣ አውቶቡስም አላልኩም። እኔ ያልኩት «ማክሰኞ» ብቻ ነው። ይህን የማርመው ጥፋቴ እንዲቀልልኝ አይደለም፤ እስከ መጨረሻው ካነበቡ እንደሚከብድ ያያሉ። ነገር በትክክል ሳይነገር ሲቀር ስለማልወድ ነው።

በዚህ ደብዳቤ ስማቸው የተጠራ በሕይወት ያሉ ሰዎች ሁሉ አስቀድመው አንብበው ወይም ሰምተው ፈቅደዋል። ሾፌሯ ቱይሬ ሃፓካንጋስ በስልክ ስጠይቃት «ስሜን ለመደበቅ እንኳ ትንሽ ዘግይተዋል፣ ወይዘሮ ካንኩነን፤ ይጻፉት» አለችኝ። እርስዎ ያላስፈለገዎትን ፈቃድ እኔ መጠየቄን እንደ አሮጊት ወግ ይቁጠሩልኝ።

ቱይሬ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ የወረዳውን ተንቀሳቃሽ ቤተ መጻሕፍት ነድታለች። በየሁለት ሳምንቱ ማክሰኞ፣ ከረፋዱ አራት ሰዓት ከአርባ ላይ፣ ድሮ የወተት ጋን ይቀመጥበት ከነበረው የእንጨት መደብ አጠገብ ትቆማለች፤ አምስት ሰዓት ሲሆን ወደሚቀጥለው መንደር ትሄዳለች። እነዚያን ሃያ ደቂቃዎች አውቶቡሱ ውስጥ ተሰብስበን እናሳልፋቸዋለን፤ ከእሷ ሌላ በዚህ መንገድ የሚመጣልን የለም። በየስልካችን የተጫነው የእርስዎ ደወል ደግሞ ሁለት ስልኮች አሥራ አምስት ደቂቃ ተቀራርበው ከቆዩ ይመዘግባል፤ ከባለቤቶቹ አንዱ ቢታመም ሌላውን ያስጠነቅቃል። እንግዲህ ምስጋናዬን በቅደም ተከተል ላቅርብ።

፩ኛ. ስለ በራሪ ወረቀቱ አመሰግናለሁ። በደማቅ ቀለም «ማን እንደ ነበረ ማንም ሊያውቅ አይችልም» ይላል። በመንደራችን በዘጠኝ አሮጊቶች ስልክ ላይ ደወሉን የጫንኩት እኔ ነኝ። ጎረቤቴ ሳይሚ ስልኳን ከመስጠቷ በፊት «አንቺ የመንግሥት ነገር ታውቂያለሽ፤ ይታመናል ወይ?» አለችኝ። «ይታመናል» አልኳት። ስለዚህ በዚያ ወረቀት ላይ ያለው ቃል የእርስዎ ብቻ አይደለም፤ የእኔም ነው። ተካፋይ ስላደረጉኝ እጅግ አመሰግናለሁ።

፪ኛ. ስለ ጥንቃቄዎ አመሰግናለሁ። ቱይሬ ኖቬምበር 20 ቀን ታመመች፤ ተመረመረች፤ መታመሟን ለደወሉ የሚያሳውቀውን፣ ከሐኪም የተሰጣትን ቁጥር እሑድ ዕለት፣ ትኩሳቷ ሳይበርድ፣ ስልኳ ላይ አስገባች። ያን ያደረገችው እናንተ ስለ ጠየቃችኋትና ስላመነቻችሁ ነው። ወዲያው በመንገዱ ዳር ያሉ ስልኮች ሁሉ ጮኹ። ስም አልነበረባቸውም፤ ቃልዎን ጠብቀዋል። «ከታመመ ሰው አጠገብ የነበሩበት ቀን፦ ማክሰኞ፣ ኖቬምበር 17» ብቻ ይላሉ።

በነጋታው የሆነውን በትክክል ልጻፍ። እኛ ስለ ራሳችን መገለል ገና አላሰብንም ነበርና (ይህም አንድ ጥፋት ነው) በመንደራችን በአህቲ ሱቅ ውስጥ፣ በመስኮቱ አጠገብ ባለው ወንበር ላይ ተቀምጠን ነበር። አህቲ ዓሣ እየመዘነ «የማን ስልክ ጮኸ?» አለ።

«የእኔ» አለች ሳይሚ።

«የእኔም» አልኩ።

«ቀኑን ይናገራል ይባላል። መቼ ይላል?»

«ማክሰኞ» አልኩ።

አህቲ ዓሣውን ከሚዛኑ ላይ አነሣ። «ማክሰኞ እዚህ ማን ይመጣል እንግዲህ? የምርጫ ተወዳዳሪ እንኳ ዝር አይልም።»

ሳይሚ በመጨረሻው መቆሚያ ወደምትኖረው እኅቷ ደወለች፤ የእሷም ጮኋል፤ የእሷም ማክሰኞ ይላል። ከዚያ ወዲያ ለማወቅ የሒሳብ ሊቅ አላስፈለገም። አሥራ አንድ መንደሮችን በአንድ ማክሰኞ የሚያገናኝ አንድ ሰው ብቻ ነው።

ክቡር ሆይ፣ እኔ ይህን ማወቅ ነበረብኝ። በ1951፣ በአሥራ ሰባት ዓመቴ፣ በወረዳችን የስልክ ማዞሪያ ቤት ስቀጠር ምስጢር ለመጠበቅ ፈርሜያለሁ። ሃያ ዘጠኝ ዓመት የሰው ሁሉ ጉዳይ በጆሮዬ አልፏል። በሁለተኛው ሳምንቴ አንድ ገበሬ «ሐኪሙ ወደ ጎረቤቴ ቤት ደውሏል ወይ?» ብሎ ቢጠይቀኝ «ዛሬ አልደወሉም» ብዬ መለስኩለት። አለቃዬ ወይዘሪት ሳሎኒዩስ የጆሮ ማዳመጫዬን ከራሴ ላይ አወለቀችና «ዛሬ አልደወሉም ስትይው፣ ትናንት ደውለዋል ብለሽ ነገርሽው። ስሙን ሰው ሁሉ ያውቀዋል፤ ምስጢሩ ቀኑ ነው» አለችኝ። ሁለት ቀን የማዞሪያውን ገመድ አላስነካችኝም።

አንዲት የገጠር ስልከኛ በሁለት ሳምንት የተማረችውን የእርስዎ መሥሪያ ቤት በስንት መሐንዲስ እንዳልደረሰበት አላውቅም። ቀኑ ያስፈለገው የምንገለልበትን ጊዜ እንድንቆጥር መሆኑ ይገባኛል። «እስከሚመጣው ሳምንት መጨረሻ ከቤት አትውጡ» ብሎ መጻፍ ግን ይቻል ነበር። ለነገሩ ስለ እርስዎ ስናገር ስለ ራሴም መናገሬ ነው፤ ሃያ ዘጠኝ ዓመት የጠበቅሁትን ሱቅ ውስጥ በአንድ ቃል ጣልኩት።

፫ኛ. ስለ መስተንግዶው አመሰግናለሁ። ወደ እርዳታ መስመርዎ ደውዬ አርባ አንድ ደቂቃ ሙዚቃ ካዳመጥኩ በኋላ አንድ ትሑት ወጣት አነሣልኝ።

«ወይዘሮ፣ መተግበሪያው የማንንም ስም አያውቅም» አለኝ።

«እሱ ባያውቅም እኛ እናውቃለን፣ ልጄ።»

«እንግዲያው ችግሩ መተግበሪያው ላይ አይደለም።»

«የት ላይ ነው?»

ጥቂት አሰበና «መንደሩ ላይ ይመስለኛል» አለ።

መንደራችን የተሠራው ከአራት መቶ ዓመት በፊት ስለ ሆነ ጉድለት አይጠፋውም። የሚሻሻልበትን ቀን ቢያስታውቁን እንዘጋጃለን።

፬ኛ. ቱይሬ ላቀረበችው አቤቱታ ስለ ሰጡት የሦስት መስመር መልስ በእሷ ስም አመሰግናለሁ። «ሥርዓቱ በታቀደለት መልክ ሠርቷል፤ የማንም ማንነት አልተገለጸም» ይላል። ማንነቷ ያልተገለጸው ሴት ድና ዲሴምበር 15 ቀን ተመለሰች። በሩን ከፈተች። መብራቱን አበራች። ሃያ ደቂቃ ቆመች። ማንም አልመጣም።

ሳይሚም አልመጣችም። ሳንባዋ ደካማ ነው፤ ስልኳ በጊዜ ስለ ነገራት በጊዜ ተመርምራ ሆስፒታል ገባች፤ ከዚያ ቀን በፊት ድና ቤቷ ተመልሳ ነበር። ሐኪሙ ሁለት ቀን ብትዘገይ ኖሮ አትተርፍም ነበር ብሏታል። ያዳናት ማን እንደ ሆነ ስጠይቃት «እግዚአብሔር» አለች። «ከእግዚአብሔር በታችስ?» ብላት «ተይኝ እስቲ ሄልቪ፤ መጽሐፍ የነካውን እጅ ሁሉ ሳስብ ይቀፈኛል» አለችኝ። ይህን ስጽፍ አጠገቤ ተቀምጣ አንብባለች። አልሰረዘችውም።

እኔም አልሄድኩም። ሦስት መጻሕፍት በወረቀት ጠቅልዬ፣ ከመጋረጃው ኋላ ቆሜ አየኋት። እግሬን አሞኛል ብዬ ለራሴ ነገርኩት። እግሬን አላመመኝም። አራት ማክሰኞ እንዲሁ አለፈ።

አሁን የወረዳው ምክር ቤት «ተጠቃሚ የለውም» በማለት በመጪው ሐሙስ መስመሩን ለመዝጋት ድምፅ ይሰጣል። ከተዘጋ ቱይሬ ከሥራ ትሰናበታለች፤ አሥራ አንድ መንደሮችም ማክሰኞ ምንም የማይመጣባቸው ይሆናሉ። ያን ጊዜ የእርስዎ ደወል በእውነት ማንንም የማይገልጥ ይሆናል።

፭ኛ. የመጨረሻውን ምስጋና በአጭሩ አቀርባለሁ። በዚህ ክረምት፣ በሐይቁ ዙሪያ፣ አንድ ሰው ከሐኪም ቁጥር ተቀብሎ ስልኩ ላይ ሳያስገባ ቀረ። «ላስገባው ብዬ ነበር፤ ከዚያ ቱይሬ ትዝ አለችኝ» ብሎ በራሱ አንደበት ነገረኝ። ስለዚህ የማንም ስልክ አልጮኸም። ማስጠንቀቂያ ሳይደርሰው የቀረ አንድ ሌላ ሰው ዛሬ በሕይወት የለም። ስማቸውንም፣ መንደራቸውንም፣ ቀኑንም አውቃለሁ፤ አንዱንም አልጽፍም። ቆጠራ ላይ ጎበዞች መሆናችንን አይተዋል።

የምጠይቅዎ ብዙ አይደለም። እስከ ረቡዕ ድረስ ለምክር ቤቱ አንዲት ዓረፍተ ነገር ይጻፉልኝ፦ «ይህች ሴት የጠየቅናትን አድርጋ ሰው አድናለች፤ የተገለጠችው በእኛ ስሕተት ነው» የምትል። ቃላቱን እንዳያስቸግሩዎት አዘጋጅቼ ልኬያለሁ። የሚቀርዎት ፊርማ ብቻ ነው። ሁለተኛም፣ ቀኑን ከማስጠንቀቂያው ላይ ያንሡት። ስለ ቀሪው፣ ስለ ጥሩ ሐሳብዎና ስለ ወረቀቱ ቀለም፣ ቅሬታ የለኝም።

ስሜን፣ አድራሻዬንና ቀኑን ያለ ማንም ረዳትነት በራሴ ፈቃድ በመግለጥ፣ ለከፍተኛ ኃላፊነትዎ በሚገባው አክብሮት ሁሉ ዝቅ ብዬ እጅ የምነሣ፣

ሄልቪ ካንኩነን
ጡረተኛ የስልክ ማዞሪያ ሠራተኛ

ተጨማሪ፦ መልስ ሊልኩልኝ ቢወዱ በስምዎ አይድከሙ፤ ቀኑን ብቻ ይጻፉበት። ከማን እንደ ሆነ እንደርስበታለን።

ነገ፣ ማክሰኞ፣ ከሐሙሱ ድምፅ በፊት ተጠቃሚ የሚቆጠርበት የመጨረሻው ቀን ነው። ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ተነሥቼ ምድጃ አነድዳለሁ። ሦስቱን መጻሕፍት በበረዶ ላይ በምገፋው ተንሸራታች ወንበር ላይ አስራለሁ። የሳይሚን በር አንኳኩቼ አብራኝ እንድትመጣ እጠይቃታለሁ፤ እምቢ ካለች የእሷንም መጽሐፍ ተቀብዬ እሄዳለሁ። አህቲ ሱቁን ሲከፍት እገባለሁ፤ አልቀመጥም፤ በወንበሩ ላይ ያለው ሰው ሁሉ እየሰማኝ፣ ማክሰኞ ያልኩት እኔ መሆኔንና ቱይሬ ማንን እንዳዳነች እናገራለሁ። ከዚያ ወደ መደቡ ወርጄ እቆማለሁ። አራት ሰዓት ከአርባ ላይ በሩ ሲከፈት መጀመሪያ የምገባው እኔ ነኝ። አፍና አፍንጫዬን ሸፍኜ፣ ስልኬን ከነደወሉ አብርቼ በኪሴ ይዤ፣ ሃያውን ደቂቃ ሙሉ ከእሷ ጋር እቆያለሁ። ይቁጠረው።