ዓይን ገልጦ መጸለይ

ጥቅምት 1
ቅዳሜ ስለሆነ እዚህ ስዊስ፣ ዋሊሰለን ከተማ የምሠራበት ሱቅ ሲታመስ ዋለ። እግሬ አልቋል። ቤት ስገባ ፀደንያ የበረዶ ሆኪ ልብሷን ሳሎን ዘርግታዋለች... ሽታው! የአሥራ አራት ዓመት ልጄ፣ በረኛ። በማን ወጣች?

ባሌ አስፋ እንደ አባት ሳይሆን እንደ ቤተ ክርስቲያን ሽማግሌነቱ ተቆጣ። ጨዋታዋ እሑድ፣ የምትዘምርበት መዘምራንም እሑድ። “ይህን ውድድር ትጨርስና ትተው። መጋቢት ላይ ያበቃል።” እሺ አልኩ። ለልጅቷ የነገርኳት እኔ ነኝ። ልብሷን ሰብስባ ክፍሏ ገባች።

ኅዳር 7
ፓክ የሚሉት ጥቁር ጎማ እንደ ጥይት ነው የሚመጣው። ዓይኔን ጨፍኜ “በኢየሱስ ስም” ስል፣ አንዷ የስዊስ እናት ያመመኝ መስሏት ውሃ አመጣችልኝ።

ስንመለስ፣ “ማሚ፣ ያዳንኩትን ጎል አየሽ?”
“እየጸለይኩ ነበር የኔ ቆንጆ።”
“ሁሌ ትጸልያለሽ። ማየትስ?”


ጥር 17
አሸነፉ። አላየሁም፣ ጩኸቱን ሰማሁ።

የካቲት 15
ጉልበቷ አብጧል። በረዶ ይዤላት ተቀመጥኩ። “ያምሻል?” “ኖርማል።” አስፋ “ትንሽ ነው የቀራት” ይላል። እውነቱን ነው... ታዲያ እኔን ለምን ከፋኝ?

መጋቢት 6
ጄኔቭ። የመጨረሻው ጨዋታ። አስፋ ጉባኤ ሄደ፣ እኔ ከልጄ ጋር። ዛሬ ዓይኔን ገልጬ እጸልያለሁ አልኩ። ከባድ ነው... እስኪያነባ አፈጠጥኩ።

አየኋት። ቤት ውስጥ ኩባያ ከእጇ የሚያመልጣት ልጅ! ሦስት ሆነው ሲመጡባት አትሸሽም፣ ወደፊት ትወጣለች። ትንበረከካለች፣ ትዘረጋለች፣ ትነሳለች... እንደገና። ማን አስተማራት? እኔ የዚህን አገር ክረምት ሙሉ ስጨፍን እሷ አንዴም አልጨፈነችም። ኮራሁባት። በጣም ኮራሁባት።

መጨረሻ ላይ አንድ ገባባት፣ ሁለት ለአንድ ተሸነፉ። ተነሳች። የጄኔቭን ልጆች ተራ በተራ ጨበጠች። የምታለቅሰውን ጓደኛዋን አቀፈች። የእኛ ሽማግሌዎች ሲጣሉ እንዲህ ቢጨባበጡ...

ባቡር ውስጥ “አየሁሽ” አልኳት።
“የገባብኝንም?”
“እሱንም።”
ትከሻዬ ላይ ተኛች።

መጋቢት 13
በጉባኤ “ምስክርነት ያለው?” ሲባል ተነሳሁ። አስፋ ከፊት ወንበር ዞሮ አየኝ። “ስሙ ይባረክ፣ ልጄ ተሸነፈች” አልኩ። ሳቁ። ያየሁትን አንድ በአንድ ነገርኳቸው፣ መሳቃቸውን ተዉ። “ለከርሞም በረኛ ናት። እሑድ እሑድ እኔም እዚያው ነኝ” አልኩ።

ፀደንያ አንገቷን ደፍታለች።

መጀመሪያ “አሜን” ያለው አስፋ ነው።