ካርዴ በማዳም መሳቢያ፣ ድምፄ በኦፕፊኮን

ሰኞ፣ ጃንዋሪ 23/95፣ ጠዋት 1 ሰዓት

የአሠሪዬ የሙሴ ሸሚዝ፣ ዘጠኝ። አንገቱን ሁለቴ መተኮስ አለ፣ ካልሆነ ሚስቱ ማዳም ትመልሰዋለች። እጄ ይተኩሳል፣ ልቤ ግን ገና ዙሪክ አጠገብ፣ ኦፕፊኮን ነው። ትናንት እዚያ የእድራችን ጉባኤ ነበር። ከጄኔቭ ሦስት ሰዓት በባቡር ሄጄ ተናድጄ ተመለስኩ።

ነገሩ እንዲህ ነው፣ ደብተሬ። ሊቀመንበራችን አቶ መኩሪያ አዲስ ደንብ አመጡ። በጁኑ ምርጫ ፎቶ ያለበትን ዋናውን መታወቂያ ያላሳየ ድምፅ አይሰጥም። ኮፒ አይሠራም። ባለፈው ምርጫ አንዱ በቀረው ወንድሙ ስም መርጦ ነበርና ምክንያት አላጡም። ዙሪኮች እጃቸውን አወጡ። ምን ቸገራቸው፣ አውስቫይስ የሚሉት መታወቂያቸው ኪሳቸው ውስጥ ነው። እኛ ጄኔቭ ዲፕሎማት ቤት የምንሠራ አሥራ ሁለት ሴቶች ግን ፓስፖርታችንም የመኖሪያ ካርዳችንም የማዳሞቻችን መሳቢያ ውስጥ ተቆልፎብናል። እንዳይጠፋ ነው ይላሉ። የኔው ከተቆለፈበት አራት ዓመቱ።

ተነስቼ ተቃወምኩ። አቶ መኩሪያ ማዳምሽን ጠይቂያት አሉኝ፣ እንደ ቀላል ነገር። እሳቸው የኤርፖርት ጡረተኛ ናቸው፣ ማዳም ምን እንደሆነች በምን ያውቃሉ። ተቃውሞዬ ቃለ ጉባኤ ላይ ይስፈርልኝ አልኩ። ሰፈረ። ሰፍሮ ምን ሊያደርግልኝ እንደሆነ እንጃ።

ኀሙስ፣ ፌብ. 9

የዕረፍቴ ግማሽ ቀን። እትዬ ዘነቡ ጎትተው ነፃ የሕግ ምክር ወደሚሰጥበት ቢሮ ወሰዱኝ። እትዬ ዘነቡ ሃያ ዓመት ሰው ቤት ሠርተው ጡረታ የወጡ፣ እዚሁ ጄኔቭ ለዛቫንሼ የሚባል ሠፈር የሚኖሩ፣ ሊቀመንበር ይሁኑልን የምንላቸው ሴት ናቸው። ጠበቃዋ ሜትር ክሎዲን ትባላለች፣ ሜትር እዚህ የጠበቃ ማዕረግ ነው። ልጅ እግር ስለሆነች ንቄያት ነበር፣ ይቅር ይበለኝ። እድር ምን እንደሆነ ለማስረዳት ግማሽ ሰዓት ፈጀን። ሰው ሲሞት የሚቀብር ማኅበር ነው ብንላት፣ ታዲያ ድርጅት ነው ወይስ ዘመድ አለችን። ሁለቱም አልናት።

ከዚያ ሕጉን አነበበችልን። የማኅበር አባል ያልተስማማበት ውሳኔ ሕግ ወይም መተዳደሪያ ደንብ ከጣሰ በአንድ ወር ውስጥ ፍርድ ቤት መሄድ ይችላል። የኛ መተዳደሪያ ደግሞ እያንዳንዱ አባል አንድ ድምፅ አለው ይላል። አሥራ ሦስት ቀን ቀርቶናል።

ችግሩ አንድ ነው። ከሳሽ ያስፈልጋል፣ ቃለ ጉባኤው ላይ ተቃውሞው የሰፈረው የኔ ብቻ ነው። ማዳም ከሰማች ሥራው ይቀራል። ሥራው ከቀረ ካርዱ፣ ካርዱ ከቀረ ስዊስ ራሱ። አልፈርምም ብዬ ወጣሁ። እትዬ ዘነቡ የትራም ቲኬቴን ከፍለውልኝ ቻው ብለው ወረዱ። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። ፈሪ ነኝ፣ ደብተሬ።

ማክሰኞ፣ ፌብ. 14

ድንች ስልጥ ወሰንኩ። የአቶ መኩሪያ ባለቤት ያረፉ ጊዜ ማዳምን ለምኜ ዙሪክ ሄጄ፣ ሦስት ቀን ለቅሶ ቤት ሳስተናግድ የሰነበትኩት እኔ ነኝ። ያኔ አንቺ ማን ነሽ ያለኝ የለም። ለመቅበር አባል፣ ለመምረጥ ባዳ? እንቢ።

ሱቅ ልሄድ ብዬ ወጣሁ፣ ሜትር ክሎዲን ቢሮ ሄጄ ክሱን ፈረምኩ። መጥሪያው ማዳም ቤት እንዳይመጣ አድራሻው የእትዬ ዘነቡ ሆነ። ፈረንሳይኛዬ የገበያ ነው፣ ስሜን ግን አሳምሬ ጻፍኩት። ስመለስ ሽንኩርት ረስቻለሁ።

ኀሙስ፣ ኤፕ. 27፣ ከቀኑ 11 ሰዓት

ትሪቡናል፣ ፍርድ ቤቱ፣ ውዬ መጣሁ። ደስ ብሎኛል።

አቶ መኩሪያ በሙሉ ልብስና በከረባት፣ የእድሩን የጥሪ መዝገብ በቦርሳ ይዘው ከተፍ አሉ። በየለቅሶው ስማችንን እየጠሩ የመጣና የቀረ የሚጽፉበት መዝገብ ነው። እድራችን እንዴት ጥብቅ እንደሆነ ሊያሳዩ ነው ያመጡት። ይኮሩበታል። ዳኛዋ ገልበጥ ገልበጥ አደረገችውና በአስተርጓሚ ጠየቀቻቸው። ስም ሲጠሩ አለሁ ያለው ሰው ራሱ መሆኑን በምን ያውቃሉ?

ጥያቄው ራሱ አስቆጣቸው። "ክብርት ዳኛ፣ ለቅሶ ቤት በር ላይ ቆሜ መታወቂያ ልጠይቅ እንዴ? ነውር አይደለም? ሁሉንም በመልክ ነው የማውቃቸው።"

አስተርጓሚው አንድም ሳያስቀር ተረጎመ። ዳኛዋ ወደኔ እያመለከተች እሷንስ ያውቋታል አለቻቸው። ዞር ብለው አዩኝ። ድምፃቸው ዝቅ ብሎ፣ "ባለቤቴን የቀበረችልኝ ልጅ ናት" አሉ። ሜትር ክሎዲን ልትጠይቅ ያዘጋጀችውን ወረቀት አጠፈችው። ቢዋሹ ኖሮ ይረቱን ነበር። አልዋሹም። ለዚህ አክብሬያቸዋለሁ፣ ታርቄያቸዋለሁ ግን አልልም።

ዳኛዋ እኔንም ጠየቀችኝ። ካርድሽ የት ነው? አሠሪዬ ዘንድ አልኩ። ቀና ብላ አየችኝ፣ ከዚያ ጻፈች።

ዓርብ፣ ሜይ 19

ተፈረደልን። ደንቡ ተሰረዘ። ፍርዱን ሜትር ክሎዲን እንዳስረዳችን፣ አባሉን ለለቅሶ በመልኩ የሚያውቅ ማኅበር ለምርጫ ሲሆን አላውቅህም ሊል አይችልም። እትዬ ዘነቡ በስልክ እየሳቁ ነበር የነገሩኝ፣ ሳቃቸው ደግሞ ያለቅሳል። አቶ መኩሪያ ራሳቸው ደውለውላቸው ይግባኝ አልልም ብለዋል። እንዲያውም የሚያጠራጥር ሰው ካለ ሁለት አባል ይመስክርለት የሚለውን ሐሳብ ያመጡት እሳቸው ናቸው።

ማድ ቤት ብቻዬን እስክስታ መታሁ። ማዳም ገብታ ምን ሆነሽ አለችኝ። እህቴ ወለደች አልኳት። ወንድ ነው ሴት ስትለኝ፣ አሥራ ሁለት ሴት ልላት ትንሽ ቀረኝ።

እሑድ፣ ጁን 18፣ ባቡር ላይ

ከኦፕፊኮን እየተመለስን ነው። አሥራ ሁለታችንም ሄድን፣ አንድም አልቀረች። አቶ መኩሪያ በሩ ላይ ስም ሲጠሩ፣ "አልጋነሽ በቀለ" ያሉበት ድምፅ እስከ ዛሬ ከሰማሁት ሁሉ ከፍ ያለ መሰለኝ። የምርጫ ወረቀቱን በሁለት እጃቸው ሰጡኝ፣ ቀኝ ያውልሽ አሉኝ። ታረቅን። ባለመታረቅ ብዙ ልቆይ አስቤ ነበር፣ አልቻልኩም።

እትዬ ዘነቡ ተመረጡ። አሁን ከፊቴ ተቀምጠው መዝገቡን ጭናቸው ላይ አድርገው እንቅልፍ ወስዷቸዋል፣ አፋቸው ተከፍቶ። ሊቀመንበራችን። ደስታዬን የት ላድርሰው?

ሰኞ፣ ጁን 19፣ ጠዋት 1 ተኩል

ካርድሽ የት ነው ያለችኝ የዳኛዋ ጥያቄ አልለቀቀኝም። እድሩን ከስሼ ረታሁ፣ መሳቢያውን ግን በአራት ዓመት አንድ ቀን ክፈቱልኝ አላልኩም። ለወንድ ሊቀመንበር አፍ ነበረኝ፣ ለማዳም ግን ምላሴ ይተሳሰራል። ሜትር ክሎዲን ካርዱም ፓስፖርቱም የራስሽ ነው፣ ማንም ሊይዝብሽ አይችልም ብላኛለች። ችግር ከመጣ ቢሮዋ ክፍት ነው። እትዬ ዘነቡም የሚታደር ቤት አለኝ ብለዋል።

ፈርቻለሁ። ግን እንደ ፌብሩዋሪው አይደለም።

ማዳም ቁርሷን ስትጨርስ ካርዴንና ፓስፖርቴን እጠይቃታለሁ። የምላትን በፈረንሳይኛ አዘጋጅቻለሁ። አጭር ነው። እባክዎ የሚል አለበት፣ ይቅርታ የሚል የለበትም።

ስኒዋን አስቀመጠች። ልሂድ።