ጾም አስፈታ የተባለው ሳሙና

ለተከበሩ አቶ ገነነ፣
በቫይትቬት የምእመናን ማኅበር ሰብሳቢ

ግልባጭ፦ ስቶቭነር ገበያ ሲመጡ እኔን ላለማግኘት በሌላው በር ለሚወጡ እኅቶቼ በሙሉ

ሚያዝያ 5 ቀን 1986 ዓ.ም.፣ ኦስሎ

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎን እጠይቃለሁ፤ በተለይም የአፍዎንና የሆድዎን ጤና። ይህን የምጠይቅበትን ምክንያት እርስዎ ሳያውቁት አይቀርም፤ ሌላው አንባቢ ግን እስከ ደብዳቤው ግርጌ ድረስ ትንሽ እንዲታገሠኝ እለምናለሁ።

በጻፉልኝ ደብዳቤ፣ በዐቢይ ጾም በአዳራሹ ውስጥ የቅቤ ኬክ በመሸጥ ምእመናንን አስታለች ተብዬ ከማኅበሩ መታገዴን፣ ሕፃን ልጄ ፍቅርም በሆሳዕና ዕለት ክርስትና ከሚነሡት ልጆች መካከል መሰረዟን አሳውቀውኛል። ስለ ግልጽነትዎ አመሰግናለሁ። መልስ ያዘገየሁት ሳሙናን ሳሙና ነው ብሎ ማስረዳት ይህን ያህል ይከብዳል ብዬ ስላልገመትኩ ነው።

አዎን፣ ሳሙና ነው። ልጄ ቀኗ ሳይደርስ ተወልዳ በሆስፒታል ማሞቂያ ውስጥ በነበረችበት ወር፣ እኔ ባዶ እጄን ወደ ቤቴ ስመለስ እጆቼ የሚይዙት ነገር አጡ። አንዲት ኖርዌያዊት ጎረቤቴ እንዳሳየችኝ የኮኮናትና የወይራ ዘይት ከኮስቲክ ሶዳ ጋር እያዋሃድኩ፣ ገሚሱን በካካዎ አጥቁሬ በትንንሽ የኬክ ወረቀቶች ውስጥ አፈሰስኩት፤ የቀረውን እንደ ክሬም እስኪቆም መትቼ፣ ጫፉ እንደ ኮከብ በተቆረጠ ከረጢት አናቱ ላይ እያዞርኩ ጨመቅሁት። ክሬሙ ቶሎ ስለሚጠና እጅ ፋታ አያገኝም፣ ለማልቀስም ጊዜ አይሰጥም፤ ያን ሰሞን የሚበጀኝም ይኸው ነበር። ቁም ሳጥን አናት ላይ እንዲደርቅ አስቀምጬ፣ ልጄ በሕይወት ከወጣችልኝ ለቤተ ክርስቲያን መርጃ እሰጠዋለሁ ብዬ ተሳልኩ። ወጣችልኝ። እንግዲህ እርስዎ ያስነሡት ሰሃን ኬክም ሸቀጥም አልነበረም፤ ስለት ነበር።

አሁን ምስጋናዬን በተራ ላቅርብ።

1ኛ. ኮሙኑ፣ ማለትም የከተማው አስተዳደር፣ ባከራየን አዳራሽ፣ በምኩራብ እሑድ፣ ጌታ ነጋዴዎችን ከመቅደስ ማስወጣቱ በተነበበበት ዕለት፣ ከዚያ ሁሉ የምስር ሳምቡሳ ጠረጴዛ መካከል የእኔን ብቻ መርጠው ስላስነሡ አመሰግናለሁ። ወንጌል ሰምቶ በዚያው ሰዓት ሥራ ላይ የሚያውል ሰብሳቢ ማግኘት መታደል ነው። ሳሙና መሆኑን ብናገር፣ እጅዎን ታጥበውበት እንዲያዩት ብለምን፣ በዓይኔ ያየሁትን አልክድም አሉ። ቫኒላ መሽተቱ ጥፋቴ ነው፤ የነጭ ሽንኩርት ሽታ ባደርግበት ኖሮ ዛሬ በሰላም እኖር ነበር።

2ኛ. ሰሃኑን በገዛ እጅዎ ወደ አዳራሹ ማድ ቤት ወስደው፣ ሌላ ሰው እንዳይፈተን በሩን ከውስጥ ስለቆለፉም አመሰግናለሁ። ጥቂት ቆይተው ሲመለሱ ሪዝዎ ረጥቦ ነበር፤ የዕለቱንም ስብሰባ ያለ አንዲት ቃል፣ በእጅ ምልክት ብቻ ዘጉት። የመዝጊያ ንግግርዎን ርዝመት የምናውቅ ሁሉ ጾሙ ምላስዎንም ገዛው ብለን ተደነቅን። እኔ ነገሩ የገባኝ የመለሱልኝን ሰሃን ይዤ ቤቴ ገብቼ ስገልጠው ነው።

3ኛ. የልጄ ክርስትና እናት ልትሆን ቃል የገባችልኝ ወይዘሮ ፋንታዬ ደብዳቤዎ በማኅበሩ ፊት በተነበበ ማግስት ደውላ ጉንፋን እንደያዛት ነግራኛለች፤ ጉንፋኑ እስከ ፋሲካ እንደሚቆይ ከወዲሁ ማወቋ ግን ገርሞኛል። ባለቤቴ በየነ እንኳ፣ ሳሙናውን ስሠራ አጠገቤ ቆሞ ያየው ሰው፣ ምናለ ይቅርታ ጠይቀሽ ብትገላገይ ይለኛል። የአንድ ሰብሳቢ ቃል ሰውን በገዛ ዓይኑ እንዲጠራጠር ማድረግ ከቻለ ማኅበራችን በጥሩ እጅ ላይ ነው።

4ኛውን በምስጋና መጻፍ አቃተኝ። የልጄ ደረት ደካማ ነው። ስትተኛ ትንፋሿን በጆሮዬ እየተከተልኩ አድራለሁ፤ ጥቂት የዘገየ ከመሰለኝ እቀሰቅሳትና ስታለቅስልኝ ደስ ይለኛል። ልጆቹን የሚያጠምቁልን አባ ከስቶክሆልም የሚመጡት ለሆሳዕና ነው፤ ሰማንያ ቀኗ የሚሞላውም ያን ዕለት ነው። ቀጥሎ መቼ እንደሚመጡ እርስዎም አያውቁም። ክርስትና ሳትነሣ አንድ ነገር ብትሆንብኝ ለማን አቤት እላለሁ? ፈርቻለሁ አቶ ገነነ። ቀልዱ ሁሉ ከዚህ ፍርሃት የመጣ ነው።

ስለዚህ እጄን ሰጥቻለሁ። ኬክ ነው ካሉ ኬክ ነው እላለሁ፤ ቅቤና እንቁላል አለበት ካሉም የእንቁላሉን ብዛት እርስዎ እንደወደዱ ይወስኑልኝ። በሆሳዕና ዋዜማ አባ እግር ላይ ወድቄ ጾም አስፈትቻለሁ ብዬ ንስሐ እገባለሁ። እርስዎ ብቻ ልጄን ከተሰረዘችበት ይመልሱልኝ።

ከወገቤ ዝቅ ብዬ እጅ እየነሣሁ፣ ለማኅበሩ ረጅም ዕድሜን፣ ለሰብሳቢው መልካም ምግብን እየተመኘሁ፣ ከታጠበ እጅ ጋር እሰናበታለሁ።

አሰለፈች ገብረመድህን፣ የፍቅር እናት
ስቶቭነር

ድኅረ ጽሑፍ፦ ሰሃኑን ስገልጥ አንደኛው ሳሙና ክሬሙ ተገምጦ፣ ንክሻው እንዳይታይ ተገልብጦ አገኘሁት። የጥርሱ አሻራ መሐሉ ላይ አንድ ጥርስ ይጎድለዋል። የማን እንደሆነ እስከ ዛሬ ለማንም አልተናገርኩም፤ ሳሙናውን የነከሰው ሰውም ነክሶ ሳሙና መሆኑን ካወቀ በኋላ ዝም ማለቱን አልፌዋለሁ። ችግሩ ንስሐዬን ስናገር አባ መልሰው፣ ለመሆኑ ከኬኩ የበላ አለ ወይ ብለው መጠየቃቸው ነው። ለልጄ ስል አንድ ጊዜ እዋሻለሁ፤ በአንድ ንስሐ ሁለት ጊዜ ግን አልዋሽም።