ጨለማውን ቆርጠው ለጣሉት የፊልም ክፍል ኃላፊ

ይድረስ ለተከበሩ የቴሌቪዥን ጣቢያው የጀብዱ ዘጋቢ ፊልሞች ክፍል ኃላፊ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደምን ሰነበተ? በተለይ ዓይንዎን ይጠብቅልኝ እያልኩ፣ ባለፈው እሁድ «ጨለማን የታገለች» ብላችሁ ያሳያችሁት ፊልም ባለታሪክ የሆንኩት ዓይነ ስውር ሴት የአክብሮት ሰላምታዬን አቀርባለሁ። ስንት ዓመት ዋሻ ስወርድ ኖሬ ከጨለማ ጋር ጠብ እንዳለን የሰማሁት ከእናንተ ነውና ስላሳወቃችሁኝ አመሰግናለሁ።

ፊልሙን የተከታተልነው ከታላቅ እህቴ ጋር ነው። እሷ ታያለች፣ ለእኔ ትነግረኛለች፤ ከልጅነታችን ጀምሮ ልማዳችን ይኸው ነው። ስለ ገደሉና ስለ ገመዱ ስትነግረኝ ቆይታ መሐል ላይ ድምፅዋ ጠፋ። ምን እያሳዩ ነው ብላት «ምንም» አለችኝ፤ ስታለቅስ ግን ይሰማኝ ነበር። እንዲህ ያለ አንጀት የሚበላ ሥራ ችሎታ ይጠይቃልና አድናቆቴን ሳልገልጽ አላልፍም።

ጊዜዎን እንዳልሻማ ቅሬታዬን በቁጥር ላቅርብ።

፩ኛ. ደጋግማችሁ፣ ያውም ቀስ አድርጋችሁ ያሳያችሁት አወዳደቄ እውነት ነው። የወደቅሁት ግን ዋሻው ውስጥ ሳይሆን ደጁ ላይ፣ ባልደረቦችዎ ሳይነግሩኝ በዘረጉት የመብራት ሽቦ ተጠልፌ ነው። ሽቦው ከፊልሙ ወጥቶ እኔ በመቅረቴ ክብር ተሰምቶኛል። ዓይን ያወጣ ውሸት እንዳልለው፣ ከእኔ አፍ ሲወጣ ቀልድ ይመስላል።

፪ኛ. «እየተጎተተችም ተስፋ አልቆረጠችም» ያሉት ተራኪ ድምፃቸው ያምራል። ስለ ተስፋዬ የጠየቀኝ ሰው ግን አልነበረም። ስሜቴን ተጠይቄ ጫማዬ እንደጠበበኝ ተናግሬ ነበር፤ እሱም በቫዮሊን ተተካ።

፫ኛ. ይህኛው ይረዝማልና ይታገሡኝ። ዋሻው መሐል ስንደርስ ባትሪያችሁ ውሃ ገባበትና መብራታችሁ ሁሉ አንድ ላይ ጠፋ። በፊልሙ እኔን እየጎተቱ ሲመሩ የሚታዩት ጋዜጠኛዎ እጄን ጨምድደው ይዘው «እህቴ፣ በእናትሽ እንዳትለቂኝ» ይሉ ጀመር። «አይዞዎት» እያልኩ፣ ግድግዳውን እየዳሰስኩ፣ ሁሉንም እስከ ደጁ አደረስኳቸው። ጀግንነት አልነበረም፤ መንገዱን ስለማውቀው ነው። ይህ ክፍል የተቆረጠው ምስል ስለሌለው ነው ተባልኩ። እውነት ነው፣ ጨልሞ ነበር። ድምፁ ግን መቀዳቱን የድምፅ ባለሙያችሁ አረጋግጠውልኛል። ስለዚህ ስክሪኑን እንደ ጠቆረ ትታችሁ ድምፁን ብቻ እንድታሰሙልኝ በትሕትና እጠይቃለሁ። ተመልካች ለጥቂት ደቂቃ ባያይ አይሞትም፤ ከልምድ ነው የምናገረው። ጆሮ ዳባ ልበስ እንዳትሉኝ አደራ።

ክቡር ሆይ፣ እየቀለድኩ ብመስልም ውስጤ አርሯል። እህቴ ነርስ ናት። በቀረጻው ዕለት ተረኛ ሆና ቀረች እንጂ ዋሻ የምወርደው ሁልጊዜ ከእሷ ጋር በአንድ ገመድ ታስሬ ነው፤ ሌላ ሰው አላምንም። ከእሁድ ወዲህ ግን ገመዱን ቁምሳጥን ውስጥ ቆልፋበት ቁልፉን ደብቃለች። በገዛ ቤቴ፣ ከመኝታ ቤት ወደ ወጥ ቤት ስሄድ ክንዴን ትይዘኛለች። ተይ ስላት ይቅርታ ትጠይቀኝና መልሳ ትይዘኛለች። እህቴን የወሰዳችሁብኝ እናንተ ናችሁ፤ ዋሻው ቢቀር ይቀራል፣ እሷን ግን መልሱልኝ።

ረጅም ዕድሜ፣ ብዙ ተመልካችና የማይጠፋ መብራት እየተመኘሁ፣

አክባሪዎ፣
የወደቀችው ሴትዮ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ጋዜጠኛዎ በዚሁ ፊልም የጀግንነት ሽልማት መቀበላቸውን በሬዲዮ ሰማሁ፤ እንኳን ደስ አላቸው። ለሚቀጥለው ዋሻ ግን ጥፍራቸውን ቢቆርጡ መልካም ነው፤ የእጄ አንጓ ላይ ጠባሳ ትተውልኛል። ያን ዕለት ሰውየውን ላለማሳፈር ብዬ እህቴን ድንጋይ ነው የቧጠጠኝ ብያት ነበር። ፊልሙን ካየች በኋላ ጠባሳውን እየዳበሰች «እንዴት አድርገው ቢጎትቱሽ ነው» ስትል እውነቱን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ነገርኳት። ሰምታኝ ስታበቃ፣ ለሕፃን እንደሚባለው፣ «እሺ የኔ ቆንጆ» አለችኝ።