በሩ ጋ ብዙ ቆመሻል

ውድ እትዬ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናሽን እጠይቃለሁ። ጉልበትሽ እንዴት ሆነልሽ? ባለቤትሽስ ሳሉ ተወው? ልጆቹ፣ ስፌት ቤቱ፣ ያቺ ስትነሳ የምታጉረመርመው አሮጌ የስፌት መኪናሽ፣ ሁሉም እንዴት ናቸው? እኛ ደህና ነን። እማዬ ትበላለች፣ ታዝዘናለች፣ ሲያሻት ትሰድበናለች፤ በሷ ዕድሜ ከዚህ በላይ ጤና የለም። ልጅሽም ቁመቷ ሊበልጠኝ ምንም አልቀራት። ልጅሽ የምልሽ እኔ ወለድኳት እንጂ መልኳም ግትርነቷም ቁርጥ ያንቺ ስለሆነ ነው። እኔም ደህና ነኝ። የፎቅ ደረጃችን ብቻ እኔ ሥራ ስውል የሚጨምርበት ሰው አለ መሰለኝ፣ ማታ ስመለስ ረዝሞ ይጠብቀኛል።

ለክት ብለሽ የሰፋሽልኝን ሰማያዊ ቀሚስ የዘወትር አድርጌዋለሁ፣ ይቅር በይኝ። ይኸው እስካሁን አንድ ክር አልተፈታበትም። ግን ያን ሁሉ ሙያ ይዘሽ ኪስ የሚባል ነገር ረስተሽለታል። መሀረቤን እጅጌዬ ውስጥ እየወተፍኩ ነው የምዞረው፤ ሰፊ እህት ላላት ሴት ይህ አያሳፍርም?

ባለፈው ደብዳቤሽ እማዬን ለጥቂት ወራት እኔ ጋ ላምጣትና ትንሽ እረፊ ብለሽኝ ነበር። መልስ ሳልሰጥሽ መቆየቴን ቂም አትያዢብኝ። ሁልጊዜ የምልሽን ያንኑ እችላለሁ የሚል ቃል ልጽፍልሽ እቀመጥና፣ ገና ሰላምታውን ሳልጨርስ ድስቱ ወይ እማዬ ይጠሩኛል። ዛሬ የዕረፍት ቀኔ ነው። እማዬ ወንበሯ ላይ እንዳለች አንቀላፍታለች፣ ልጅሽም ቤተ መጻሕፍት ሄዳለች። አንድ ነገር ላወጋሽ ነው የተቀመጥኩት። ድካሜን ልዘረዝርልሽ አልነበረም፤ እሱ ግን ሳይጠሩት መጥቶ ይቀመጣል።

ሥራዬ ያው የሆቴሉ ልብስ ማጠቢያ ነው። አንሶላው ከማድረቂያው እንደወጣ ትኩሱን እኔና ጓደኛዬ ጫፍ ጫፉን ይዘን እንወጥራለን፣ እናጥፋለን፣ እንቆልላለን፤ ቁልሉን የሚወስዱት ደግሞ ገና ቀና ሳንል ሌላ ይዘው ይመጣሉ። አለቃችንን ቶሎ በሉ ነው የምንላት፣ ከአፏ ሌላ ቃል ስለማይወጣ። ባለፈው ጊዜ አንዷ ሠራተኛ እግሯ አብጦ የልብስ ቅርጫት ላይ አረፍ ስትል አየቻትና፣ ብዙም ሳይቆይ ስሟ ከተረኞች ሰሌዳ ላይ ጠፋ። ከዚያ ወዲህ ሁላችንም የምንደክመው ቆመን ነው። ከሥራ ስወጣም ቶሎ በሉን ይዣት ቤት የምገባ ይመስለኛል፤ ሰሃን ሳጥብ እንኳ ከኋላዬ የቆመች ይመስለኛል።

አሁን ወደ ወጌ ልመለስ። ልጅሽ ትምህርት ቤት የፎቶ ክበብ ገብታለች። የከተማችን ቤተ መጻሕፍት ለተማሪዎች የፎቶ ውድድር አወጣ፣ ርእሱም ፍጥነት ነው ተባለ። ላሸነፈ ካሜራ ይሸለማል። እሷ የራሷ የላትም፤ አስተማሪዋ ያዋሳትን ነው እንደ እንቁላል ተጠንቅቃ ይዛ የምትዞረው። ርእሱን ስሰማ ቀላል መሰለኝና ድልድዩ ጋ ሄደሽ መኪና አታነሺም አልኳት። መኪናማ ሁሉም ያነሳል አለችኝ። እውነቷን ነው፤ የፀጉር አስተካካዩ ልጅ ሞተር ብስክሌት አንስቷል፣ የጎረቤታችን ልጅ ደግሞ ውሻዋን እስኪያለከልክ አስሩጣ አንስታዋለች። እማዬ ከወንበሯ ሆና የቸኮለች አፍሳ ለቀመች አለች። ስትተርት የምታየው እኔን ነበር።

አንድ ቀን አመሻሽ ላይ ከሥራ ስገባ ካሜራው ቁም ሣጥኑ ላይ በሦስት እግሩ ተገትሯል። ወድቆ እማዬን ሊፈነክታት ነው ብዬ ጮህኩ። አይወድቅም፣ አንቺ ዝም ብለሽ ሥራሽን ሥሪ አለችኝ። ለእኔ ደግሞ ሥራ ሥሪ ተብሎ ይነገራል? ድስት ጣድኩ፣ ሽንኩርት ከተፍኩ፣ የእማዬን እግር አጠብኩ፣ መድኃኒቷን አስዋጥኳት፣ ወለሉን ወለወልኩ፣ የሚሰፋውን ለየሁ። ካሜራውንም ረሳሁት። ራት ሲቀርብ ቁም ሣጥኑ ላይ ቀጭ የሚል ድምፅ ሰማሁ፣ ልጅሽም በቃ ጨረስኩ ብላ አወረደችው።

ከቀናት በኋላ የታተመውን ፎቶ ይዛ መጣች። በውድድሩ ደንብ ፎቶው ላይ የሚታይ ሰው ሁሉ መፍቀድ አለበት አሉ። አስቀድማ አያቷን አስፈቀደች። እማዬም ፀጉሬ ተበጥሮ ከሆነ አለች። ቀጥላ ወደ እኔ ዞረችና አንቺስ ትፈቅጂያለሽ አለችኝ። ተቀብዬ አየሁት። እማዬ ወንበሯ ላይ አለች፣ የሹራቧ እያንዳንዱ ቋጠሮ ይቆጠራል። ጠረጴዛው አለ፣ ምድጃው አለ፣ የግድግዳው ሰዓት ሳይቀር አለ። እኔ የለሁም። በሌለሁበት ምኑን ነው የምፈቅደው አልኳት።

ቁጭ ብላ አስረዳችኝ። ካሜራው ላይ ጥቁር መስታወት ትገጥምለትና ዓይኑን ለረጅም ጊዜ ክፍት ትተወዋለች። የረጋ ነገር ይቀረጽበታል፤ እየሮጠ የሚያልፈውን ግን አይይዘውም፣ እንዳልነበረ ይሆናል። ታዲያ ፍጥነቱ የታለ አልኳት። ፍጥነቱማ አንቺ ነሽ፣ ለዚህ እኮ ነው የማትታዪው አለችኝ።

እትዬ፣ ያን ሁሉ ላይ ታች ያልኩበት ቤት ነው። ድስቱ እንኳ ተጥዶ ይታያል፣ የጣደችው ግን የለችም። ወዲያው ደግሞ ተናደድኩ። ሰው እናቷን ከገዛ ቤቷ ታጠፋለች ወይ ብዬ ልጀምር ስል፣ ጣቷን የወጥ ቤቱ በር ላይ አሳረፈችና እዚህ ጋ ግን አለሽ አለችኝ። መቃኑ አጠገብ እንፋሎት የመሰለ ነገር አየሁ። አቅርቤ ሳየው ሰው ነው። ግንባሯን መቃኑ ላይ ያስደገፈች ሴት ናት፣ የበሩ እንጨት በሰውነቷ አልፎ ይታያል። ለአፍታ ትንፋሽ ልሰብስብ ብዬ ነው አልኳት። ለአፍታማ ቢሆን አይይዝሽም ነበር፣ በሩ ጋ ብዙ ቆመሻል አለችኝ። ጨምራም ሁልጊዜ እኮ እዚያ ትቆሚያለሽ፣ ሰው የማያይሽ መስሎሽ ነው አለችኝ።

አልፈቅድም አልኳት። ፎቶው ቤተ መጻሕፍቱ አዳራሽ ውስጥ ይሰቀላል፣ የቶሎ በሉ ልጅም እዚያው ክበብ ናት። እናትየዋ መጥታ ማየቷ አይቀርም። አንሶላ አጣፊዋ መቃን ተደግፋ ስትገኝ ቀጥሎ የሚመጣውን ለማወቅ ጠንቋይ ቤት አያስኬድም። ያ ደመወዝ ከቀረ ደግሞ የልጅሽ አባት ካረፈ ወዲህ ሌላ የምንደገፍበት እንደሌለን አንቺም ታውቂያለሽ።

ልጅሽ አልተከራከረችኝም። ብትጨቀጭቀኝ ይሻለኝ ነበር። በማግስቱ ድልድዩ ጋ ሄዳ መኪና አንስታ መጣች። ደግሞ ጥሩ አድርጋ ነው ያነሳችው፣ ጎማው ሲሽከረከር ይታያል። ቆንጆ ነው ስላት፣ አዎ፣ እንደ ሰው ሁሉ ነው አለችኝና ካሜራውን ቦርሳው ውስጥ ከተተችው። አንጀቴን በላችው። ቢሆንም አንሶላዬን አሰብኩ።

የገላገለችን እማዬ ናት። እስቲ ያን የተኳረፋችሁበትን ነገር አምጡልኝ ብላ መነጽሯን አደረገች። የራሷን ፀጉር ታያለች ብለን ስንጠብቅ ጣቷን ቀጥታ መቃኑ ጋ ወሰደችና፣ ይቺ ልጅ ደክሟታል፣ አስቀምጡልኝ አለች። ዓይኗ ፈዞ ማን እንደሆነች ሳትለይ ቀርታ ነው እንዳልል፣ ይህን ብላ ቀና አለችና አየችኝ። እማዬ እኔን ተቀመጪ ያለችኝ መቼ እንደነበር ትዝ አይለኝም። ዘወትር ውሃ አምጪ ነው፣ ትራሱን ከፍ አድርጊው ነው። ተቀመጥኩ። አጠገቧ ወለሉ ላይ ቁጭ ብዬ ድስቱ ሲያር እየሸተተኝ አልተነሳሁም። ያን ዕለት ያረረ በላን፣ እማዬም ለወጉ ያህል እንኳ አላማረረችም።

ከራት በኋላ ልጅሽን ፈቅጃለሁ አልኳት። ቶሎ በሉ ካየችኝም ትየኝ። ካሰናበተችኝ ደግሞ ያኔ የምንሆነውን እንሆናለን። የዚያች ልጅ ፊት ሲበራ ብታዪው አንቺም ትፈቅጂ ነበር።

ፎቶው እንደሚሰቀል ተነግሯታል፤ አሸናፊው የሚታወቀው ግን በሚመጣው ወር ነው። እባክሽ ለዚያ ቀን ነይ። እማዬን ልውሰዳት ላልሽውም መልሴ እሺ ነው። ይኸው ጻፍኩት፣ ሀሳቤን ሳልቀይር ቶሎ ፖስታ ቤት ላድርሰው። ልጅቷንም ትምህርት ሲዘጋ ወስደሽ ዓይንሽ ሥር ብታቆያት ደስ ይለኛል። ካንቺ ቤት ጋር ከአሁኑ ትላመድ። ምንም ሆኜ አይደለም፣ ሰው አስቀድሞ ያስባል ብዬ ነው።

የፎቶውን አንድ ቅጂ ፖስታው ውስጥ አድርጌልሻለሁ። የእማዬን ሹራብ አይተሽ ስትጨርሺ በሩን እዪ። አንዱ እጄ መቃኑን ይዟል፣ ሌላው ደረቴ ላይ ነው፣ በግራ በኩል። ልጅሽ እጅሽ እዚያ ምን ያደርጋል ብላ ጠይቃኝ ነበር። መሀረብ ከኪሴ ላወጣ ስል ነው አልኳት፤ ያመነችኝ መሰለኝ። የለበስኩት ያንኑ ኪስ የረሳሽለትን ሰማያዊ ቀሚስ ነው።

መንገድሽን ያቅናልሽ። ጣትሽን መርፌ አይንካው፣ ዓይንሽ ክር ከማስገባት አይስነፍ፣ ከቤትሽ ሳቅ አይጥፋ። እማዬ ስትነቃ ባንቺ ስም እስማታለሁ። ስትመጪ ደረጃውን ቀስ እያልሽ ውጪ። በሩን ልጅሽ ትከፍትልሻለች፣ እኔ ተቀምጬ እጠብቅሻለሁ።

ታናሽ እህትሽ